አሮጌው ኮምፒውተር ሾዋክ ላይ ምን ይጫንበት?

ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ዕቃው ስላለቀ ሳይሆን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ባለቤት ጥገናውን ስላቆመ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2014፣ ለዊንዶውስ 7 በጃንዩዋሪ 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ2017 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ቁልፉ ሳይላላ፣ ስክሪኑ ሳይሰነጠቅ በወረቀት ላይ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። መስፈርቱን አታልሎ ዊንዶውስ 11ን መጫን ይቻላል። ነገር ግን በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው ዕትም የኮር 2 ዱዎ ዘመን ፕሮሰሰሮች የማያውቁትን ትእዛዝ ስለሚጠቀም በእነሱ ላይ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ነገር ምሥራቅ ሱዳን ላይ የራሱ መልክ አለው። ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የምሥራቁን ክፍል ለረጅም ዘመን ያስተዳደረው ከዚህች ከተማ ነው። በደርግ ዘመን ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስሟን የሚያውቁትም በዚሁ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በገዳሪፍ ግዛት የኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ እንደገና ሲከፈት፣ ወዲያው የቱናይድባው ሲጨመር አዲስ ስደተኛ መጣ። በአፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከካርቱም የሸሸው ሱዳናዊ ራሱ ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። ተሰዳጅ የሚይዘው ላፕቶፕ ከቤት ሲወጣ በእጁ የገባውን ነው። በአካባቢው የሚሸጠውም አብዛኛው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ወይም ሁለትና ሦስት ባለቤት ያሳለፈ ነው።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሲደርስ ጭውውቱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቱ «ቀስ ይላል፣ ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ጠጋኙ ከመሳቢያው ፍላሽ አውጥቶ የተሰበረ ቁልፍ ያለው ዊንዶውስ 10 ይጭናል፣ «ክራክ» የሚሉትን ፕሮግራም አስነስቶ ፈቃድ ያለው ያስመስለዋል፣ በዚያው ኦፊስና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ይጨምርበታል። ለጥቂት ሳምንታት ኮምፒውተሩ እንደ ታጠበ ልብስ ያምራል፤ ከዚያ ወደ ድሮው ይመለሳል። ምክንያቱ የጠጋኙ ስንፍና አይደለም። 2 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10ን ሲያስነሳ ገና ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ከራሙ ብዙውን ያጣል፤ የቀረውን ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ እየተበደረ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከራም እጅግ የዘገየ ነው። ክራኩ የፀረ ቫይረሱን መዘጋት ስለሚጠይቅ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው «ሾርትከት ቫይረስ» በሩን ክፍት ያገኘዋል።

ክራክ ሱዳን ውስጥ የሰፋው በገንዘብ እጥረት ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማሳነስ ይሆናል። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ጠቅላላ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር፤ ሱዳን ከሽብርተኝነት ደጋፊዎች ዝርዝር የወጣችውም በዲሴምበር 2020 ነው። በዚያ ሃያ ዓመት ሱዳን ውስጥ ያለ ሰው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የአሜሪካ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም ነበር። በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞች መጋዘን የሆነው ሶርስፎርጅ ሳይቀር በጃንዩዋሪ 2010 ሱዳንን ጨምሮ ለአምስት አገሮች ማውረጃውን ዘግቷል። በፍላሽና በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል የመጣው ከዚያ ነው። ልማዱ ማዕቀቡ ከተነሳም በኋላ ቀጥሏል፤ ሊኑክስ ለተባለው ነጻ ሲስተም ግን ጥሩ መሠረት ሆኗል፤ ምክንያቱም ሊኑክስን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል የተፈቀደ ነው።

ሲስተም ከመምረጥ በፊት ኮምፒውተሩን መመርመር ይቀድማል፤ መመርመር ያለባቸውም ጥቂት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት የሚለው ነው። ከ2006 ጀምሮ የወጡት ኮር 2 ዱዎዎች ሁሉም 64 ቢት ናቸው፤ በ2008 አካባቢ በትንንሽ ላፕቶፖች የመጣው አተም ኤን270 ግን 32 ቢት ብቻ ነው። ሁለተኛው የራሙ መጠን ነው፤ ከዚያ የዲስኩ ጤንነት ይከተላል። ብዙ ሰው የሚዘልለው አራተኛ ነገር አለ፦ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብራውዘሩም የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አልከፍትም ይላል። ባለቤቱ «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ብሎ ሲስተም ያስቀይራል፣ አዲሱም ሲስተም እንዲሁ ይሆንበታል። ጉዳዩ የሚፈታው በሲአር2032 ባትሪ ነው።

ከሲስተም ምርጫ ጋር መወዳደር የሚችል አንድ ዕቃም አለ። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በትንሽ ኤስኤስዲ መተካት፣ 120 ጊጋ እንኳ ቢሆን፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከየትኛውም የሲስተም ለውጥ በላይ ይታያል። በአቧራና በከባድ ሙቀት አገር የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ዲስክ ዕድሜውም ይረዝማል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለራም ከማዋል በፊት ለኤስኤስዲ ማዋል ይሻላል፤ ራሙ ከ2 ጊጋ በታች ካልሆነ በስተቀር።

ወደ ምርጫው ሲመጣ ከዊንዶውስ ውጭ ያለው ዋናው መንገድ ሊኑክስ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ የጀመረውን የሲስተም ልብ፣ የተለያዩ ቡድኖች በላዩ ላይ መስኮትና ፕሮግራም እየጨመሩ «ዲስትሮ» የሚባሉ ሙሉ ሲስተሞች አድርገው ያወጡታል። ዲስትሮዎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ለጀማሪ የመጀመሪያው መሰናክልም ይኸው ብዛት ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር በሚደረግ ክርክር ሁሉም የሚወዳደረው በቅለት ነው፤ የትኛው በ200 ሜጋ ራም ይነሳል፣ የትኛው በ100። ይህ ውድድር ከሚገባው በላይ ትኩረት አግኝቷል። ሲስተሙ የቱንም ያህል ቢቀል ብራውዘር ተከፍቶ ፌስቡክና ዩቲዩብ ሲነሱ ከአንድ ጊጋ በላይ ራም ይሄዳል፤ ያኔ በሲስተሙ የተቆጠበው ሁለት መቶ ሜጋ አይታወቅም። ሾዋክ ላይ ያለ ሰው መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ያለ ኢንተርኔት ይኖራል ወይ? አማርኛና ዓረብኛ ያጽፋል ወይ? መብራት በድንገት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ሲበላሽስ በአካባቢው ማን ያውቀዋል?

በነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን 64 ቢት ፕሮሰሰርና 4 ጊጋ ራም ላለው ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ዴስክቶፑ፣ ከሁሉ ይቀድማል። ሚንት በ2006 የተጀመረ ሲሆን 22ኛው ዕትሙ በጁላይ 2024 ወጥቶ እስከ 2029 ይጠገናል። ከታች ግራ ጥግ ሜኑ፣ ከታች ቀኝ ሰዓት፣ መሐል ላይ የተከፈቱ ፕሮግራሞች፤ ከዊንዶውስ 7 የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ቦታውን ያውቀዋል። የቡድኑ ዝቅተኛ መስፈርት 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ የዲስክ ቦታ ነው፤ 2 ጊጋ ላይ ይነሳል፣ ግን ብራውዘሩ ላይ ሁለት ሦስት ገጽ ብቻ መክፈት ያስለምዳል። ሊብረኦፊስ አብሮት ስለሚመጣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ከተጫነበት ደቂቃ ጀምሮ ይከፍታል፤ የሊብረኦፊስ ገጽታ ራሱ ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራሙ ደግሞ የሲስተሙን ቅጂ አስቀምጦ፣ ጀማሪው የማይነካ ነገር ሲነካ ወደ ትናንቱ ይመልሰዋል።

32 ቢት ኮምፒውተር የያዘ ሰው ዕድሉ ጠባብ ነው፤ በየዓመቱም እየጠበበ ነው። ኡቡንቱ ከ18.04 በኋላ አዲስ 32 ቢት ዕትም ማዘጋጀቱን ትቷል፣ ሚንት ዋናውን መስመር በ19.3 አቁሟል። የነሱ ሁሉ አባት የሆነው ዴቢያን በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ ዕትሙ የ32 ቢት መጫኛ የለውም። የቀረው ዴቢያን 12 ነው፤ የረጅም ጊዜ ጥገናው እስከ ጁን 2028 ይዘልቃል። በእሱ ላይ የተሠራው አንቲኤክስ 23 በ512 ሜጋ ራም እንኳ ይንቀሳቀሳል። አንቲኤክስ መልኩ አያምርም፣ ቅንብሮቹም ለጀማሪ ትንሽ ይጎረብጣሉ፤ ነገር ግን ጠጋኙ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ካስረከበ ተጠቃሚው ሜኑውን ከመክፈት ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም።

ፓፒ ሊኑክስ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ሁሉ ይወደሳል። በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ፣ ራም ላይ ተጭኖ የሚሠራ ፈጣን ሲስተም ነው። ለሾዋክ ግን ደካማ ምርጫ ነው። ከፍላሽ ሲሠራ ለውጦችን የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ወይም ሲዘጋ ስለሆነ መብራት በድንገት ከጠፋ በመካከሉ የተሠራው አብሮ ይሄዳል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ 320 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ከ2017 ጀምሮ አለ፤ ግድብ አጠገብ መኖር ግን መብራት አለመጥፋትን አያረጋግጥም። በጃንዩዋሪ 2025 የሾዋክ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በድሮን ሲመታ ከተማዋ ብቻ ሳትሆን ገዳሪፍና ከሰላ ጭምር ጨልመዋል። ሚንትና ዴቢያን የሚጠቀሙበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል አሠራር ከመጻፉ በፊት የሚጽፈውን ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ ሳይበላሽ ይነሳል። በአምስት ደቂቃ አንዴ ራሱን እንዲያስቀምጥ የታዘዘ ሊብረኦፊስ የቀረውን ያተርፋል።

የጉግል ክሮምኦኤስ ፍሌክስ ለአሮጌ ኮምፒውተር ተብሎ በ2022 ወጥቷል፤ ግን 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ ዋና ሥራውም ኢንተርኔት ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የሱዳን ኔትወርኮች አንድ ላይ ጸጥ ባሉበት ጊዜ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከመስኮት መጋረጃ የማይሻል ይሆን ነበር። ዞሪን የተባለው ሌላው ዲስትሮ መልከ መልካም ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ ግን ከሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይከብዳል።

አማርኛ ጽሕፈት ላይ ሲደረስ ነገሩ ሰፋ ያለ ሐተታ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሊኑክስ ሞክሮ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነውና። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች የሚጽፉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የድሮዎቹ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው በላዩ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚያስቀምጡ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት «ሰላም» በሚለው ምትክ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ ፎንቱ የሌለው ዊንዶውስም እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው የድሮውን ዊንዶውስ ከማጥፋት በፊት የፎንት ማኅደሩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ በሊኑክሱም መጫን ነው፤ የድሮው ደብዳቤና የድሮው ማመልከቻ ይነበባል። አዲስ የሚጻፈው ግን በዩኒኮድ ይሁን፣ ስልክም ያነበዋል።

ለአዲሱ ጽሕፈት ሁለት መንገድ አለ። አይባስ ከተባለው የጽሕፈት ማቀናጃ ጋር ኤም17ኤን የተባለውን ስብስብ መጫን አንዱ ነው፤ በውስጡ ሴራ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ የአማርኛ አጻጻፍ አለ። ሴራ በ1990ዎቹ የተቀረጸ ሲሆን ፊደሉን በድምፁ ይከተላል፦ ኤስ እና ኢ «ሰ»ን፣ ኤል እና ኤ «ላ»ን፣ ኤም ብቻዋን «ም»ን ይሰጣሉ። ትልቁ ቲ የ«ጠ»፣ ትልቁ ሲ የ«ጨ»፣ ኤክስ ደግሞ የ«ሸ» ቤት ነው። በስልኩ በድምፅ መጻፍ የለመደ ወጣት ወዲያው ይይዘዋል። ሁለተኛው ኪይማን ነው፤ ከ2017 ወዲህ በነጻ ይገኛል፣ ለሊኑክስም ለዊንዶውስም ይሆናል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የአማርኛና የትግርኛ ኪቦርዶች በውስጡ አሉ። ስደተኞች ባሉበት አካባቢ ሁለቱም ቋንቋ ስለሚያስፈልግ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በፓወር ግዕዝ ለዓመታት የጻፈ ባለሙያ ግን ጣቱ የለመደውን የቁልፍ አቀማመጥ ያጣል። እንዲህ ያለውን ሰው በሴራ ጻፍ ማለት የእንጀራ ገመዱን ማላላት ነው፤ እሱ ዊንዶውሱን ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል። ዓረብኛው በአንጻሩ አያስቸግርም፤ ኪቦርዱ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፣ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉንም ሊብረኦፊስ በደንብ ያውቀዋል።

ዊንዶውስን ማቆየት ያለባቸው ሌሎችም አሉ። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ ያን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አያገኘውም። ለእነዚህ የሚበጀው ዊንዶውስ 10ን ከኢንተርኔት ነጥሎ ለሥራው ብቻ ማዋል ነው፤ ወይም በአንድ ዲስክ ላይ ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን መጫን። ጎን ለጎን ሲሆን የዊንዶውሱ «ፋስት ስታርትአፕ» መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክሱ የጋራውን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም።

ለጀማሪ ተብሎ ሌላ መንገድም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ የኤክስኦ ላፕቶፖች 256 ሜጋ ራም ብቻ ነበራቸው፤ የሚሠሩትም በፌዶራ ሊኑክስ ላይ በተሠራው ሹገር በተባለ የሕፃናት ገጽታ ነበር። ሹገር ፋይልና ማኅደር የሚባለውን ሐሳብ ትቶ ሁሉንም በማስታወሻ ደብተር መልክ ያቀርባል። ሐሳቡ ውብ ነው። ይሁን እንጂ በሹገር የተለመደው ልማድ ሌላ ማንም በማይጠቀምበት ገጽታ ታጥሮ ይቀራል፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር እንደዚያ አይደለም። ለሾዋክ ጀማሪ የሚመቸው ገጽታ የጎረቤቱን ኮምፒውተር የሚመስል ነው።

አጫጫኑ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ፋይሉን ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። የሚንት አይኤስኦ ፋይል ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋ በመሆኑ በስልክ ዳታ ማውረድ ዋጋው ይከብዳል። አንድ ጥገና ቤት አንዴ ቢያወርደውና ቬንቶይ በተባለው ፕሮግራም ሚንትን፣ አንቲኤክስንና የዊንዶውስ መጫኛን በአንድ ፍላሽ ቢያኖር ለከተማው ሁሉ ይበቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2016 የሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ ለጥቂት ጊዜ የስለላ በር ያለበት አይኤስኦ ለሰው ታድሏል። ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ፋይል ሻ256 የተባለው የማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት፤ ቁጥሩ አንድ ፊደል ቢለይ ፋይሉ ይጣል። ከተመሳከረ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነስቶ ምንም ሳይነኩ መሞከር ይቻላል፤ ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ የስክሪኑ ብርሃን ሁሉ ዲስኩ ሳይደመሰስ ይታያል።

ዋይፋዩ ካልሠራ አብዛኛውን ጊዜ የብሮድኮም ቺፕ ነው። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክ ነው፤ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዳታውን ማጋራት፣ ሊኑክሱም እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል። በሚንት ደግሞ ከመጫኛው ፍላሽ ራሱ ድራይቨሩን ማውጣት ይቻላል። ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ከሞላ ጎደል ይመቻል። ሌዘርጀት ፒ1102 ግን ከኩባንያው የሚወርድ አንድ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋልና ኔትወርክ ባለበት ቀን አስቀድሞ መጫን ይገባል። በጽሕፈት ቤቶች የተለመደው ካኖን ኤልቢፒ2900 በሊኑክስ ላይ እጅግ አድካሚ ነው፤ ያን ፕሪንተር ብቻ የያዘ ጽሕፈት ቤት ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት ደጋግሞ ያስብበት።

ከተጫነ በኋላ ያለው ኑሮ ቀላል ነው። ማሻሻያዎች በየቀኑ መውረድ የለባቸውም፤ በወር አንዴ፣ ኔትወርኩ ርካሽና ፈጣን በሆነበት ቦታ ማድረግ ይበቃል። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ሥራ እንዳይፈታ ኪዊክስ የተባለውን ፕሮግራም ከአማርኛው ዊኪፔዲያ ፋይል ጋር ማስቀመጥ ጥሩ ነው። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ቦታ አይፈጅም፤ የዓረብኛውና የእንግሊዝኛው ሰፊ ናቸው። ቫይረስ የያዘ ፍላሽ ሲሰካም የዊንዶውስ ቫይረሶች ሊኑክስ ላይ በራሳቸው አይነሱም፤ ሾርትከት ቫይረስ የደበቃቸው ማኅደሮች ራሳቸው ሳይደበቁ ይታያሉ። አንዳንድ ጥገና ቤት ሊኑክስን ለማንም ባይጭን እንኳ ፍላሽ ለማጽዳት ብቻ ቢያኖረው ያዋጣዋል።

ለ32 ቢቶቹ ቀኑ ተቆጥሯል። ሞዚላ ለ32 ቢት ሊኑክስ ፋየርፎክስ ማዘጋጀቱን በ144ኛው ዕትም በኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ ረጅም ጥገና ያለው 140ኛው ዕትም ግን እስከ 2026 መኸር ይቆያል። ከዚያ በኋላ እነዚህ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ላይ ባይወጡ ይሻላል። ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ዘፈን ማጫወት ይችላሉ። ማዘርቦርዳቸው ሲሞት ደግሞ ቻርጀራቸውና ስክሪናቸው በተመሳሳይ ሞዴል ላይ ይገጠማሉ፤ ዲስካቸውም የሳታ ዓይነት ከሆነና ካልደከመ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ይዛወራል።